የማራገቢያው አደራ፤ ስለ ሊኑክስ የሃርድዌር መከታተያ መምሪያ የቀረበ ሒስ

መግቢያ

ኮምፒዩተር ሲሠራ ይሞቃል፤ ሙቀቱም እንዲወጣለት ማራገቢያ ይደረግለታል። ማራገቢያው መቼ ፈጥኖ፣ መቼ ዝግ ብሎ መዞር እንደሚገባው የሚወስነው አብዛኛውን ጊዜ በኮምፒዩተሩ ዋና ሰሌዳ ላይ የተተከለ ትንሽ ቺፕ ነው። በሊኑክስ የሚሠራ ሰው ግን የአስተዳዳሪነት ፈቃድ ካለው፣ ይህን ሥልጣን ከቺፑ ወስዶ በራሱ እጅ ሊያደርገው ይችላል። ለዚህም የሚያስፈልገው በአንድ ፋይል ውስጥ አንድ አኃዝ መጻፍ ብቻ ነው።

በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ያ አኃዝ ምን ትርጉም እንዳለው የሚገልጸውን መምሪያ ነው። መምሪያው ከሊኑክስ ከርነል ጋር አብሮ የሚወጣና ለማንም አንባቢ ክፍት የሆነ ጽሑፍ ነው። አጠቃላዩ ክፍል ለሁሉም የሙቀት፣ የቮልቴጅና የማራገቢያ ቺፖች የጋራ የሆነውን ደንብ ይናገራል፤ ከዚያ ቀጥሎ ለየድራይቨሩ ልዩ ልዩ መምሪያዎች አሉ። ከነዚህ መካከል ኑቮቶን የሚሠራቸውን የኤንሲቲ6775 ዐይነት ቺፖች የሚመለከተውንና ቲንክፓድ ለተባሉት ላፕቶፖች የተጻፈውን ከአጠቃላዩ ጋር አነጻጽረናል።

ሐሳባችን በአጭሩ ይህ ነው። መምሪያው ለፋይሎቹ ስም በማውጣትና መለኪያቸውን በመወሰን የሚመሰገን ሥራ ሠርቷል። ነገር ግን ባለ ኮምፒዩተሩ አኃዙን በጻፈ ጊዜ ከቺፑ ተቀብሎ የሚሸከመውን አደራ አይነግረውም። ይህም ጕድለት የአጻጻፍ ውበት ጕድለት ብቻ አይደለም፤ መሣሪያን እስከ ማበላሸት ሊያደርስ የሚችል ነው።

1. መምሪያው በደኅና የፈጸመው

ሒስ ጸሐፊ አስቀድሞ መልካሙን ሊናገር ይገባዋል። በኤውሮጳ አቈጣጠር በ2003 ዓ.ም. መጨረሻ ከርነል 2.6 ሲወጣ፣ ሲስኤፍኤስ የተባለው የፋይሎች ሥርዓት አብሮ መጣ። በዚህ ሥርዓት የመሣሪያው ጠባይ ሁሉ እንደ ፋይል ሆኖ ይታያል፤ ሊያውቀው የፈለገ ያነበዋል፤ ሊለውጠው የፈለገ፣ ከተፈቀደለት፣ ይጽፍበታል። የሃርድዌር መከታተያው መምሪያም በአንድ ፋይል ውስጥ አንድ ዋጋ ብቻ ይኑር ብሎ ደነገገ። ቀድሞ በነበረው አሠራር ብዙ ዋጋ በአንድ ፋይል ተደርድሮ ይገኝ ስለ ነበር፣ አንባቢው ፕሮግራም የትኛው የቱ እንደ ሆነ ለመለየት ይቸገር ነበር።

የስም አወጣጡም ሥርዓት ያለው ነው። ስሙ ሦስት ክፍል አለው፤ የሚለካው ነገር ዐይነት፣ ተራ ቍጥሩ፣ ከዚያም ጕዳዩ። ስለዚህ የመጀመሪያውን ሙቀት ንባብ የሚይዘው ፋይል ቴምፕ1_ኢንፑት ይባላል። ሙቀት የሚጻፈው በሴንቲግሬድ ዲግሪ አንድ ሺሕኛ ነው፤ 45000 ቢነበብ 45 ዲግሪ ማለት ነው። ቮልቴጅ በሚሊቮልት ይጻፋል፤ 3300 ቢነበብ 3.3 ቮልት ማለት ነው። ማራገቢያ ደግሞ በደቂቃ በሚዞረው ዙር ይለካል። ነጥብ ያለው ቍጥር ስለማይጻፍ በአንዱ አገር ነጥብ፣ በሌላው አገር ነጠላ ሰረዝ በመጠቀም የሚመጣው መደናገር ቀርቷል።

ከዚህም በላይ መምሪያው አንድ እውነት ሳይሸሽግ ይናገራል፤ ሁለተኛው የሙቀት ሴንሰር በእርግጥ የፕሮሰሰሩ ነው፣ ወይም ሁለተኛው ማራገቢያ የፕሮሰሰሩ ነው የሚያሰኝ ስምምነት የለም ይላል። ዋና ሰሌዳ የሚሠሩት ድርጅቶች ገመዱን እንደ ፈቀዳቸው ያገናኛሉና። የማያውቀውን ዐውቃለሁ የማይል መምሪያ እምነት የሚጣልበት ነው። ስለ ንባብ የተጻፈው ክፍል፣ በእኛ አስተያየት፣ እምብዛም ነቀፋ የለበትም። ችግሩ የሚጀምረው ከማንበብ ወደ መጻፍ በተሻገርን ጊዜ ነው።

2. ሁለቱ ዜሮዎች

ማራገቢያን ለመቈጣጠር የሚያገለግሉት ዋነኞቹ ፋይሎች ሁለት ናቸው። አንደኛው ፒደብልዩኤም1 ይባላል፤ ለማራገቢያው የሚሰጠውን የኀይል መጠን ከ0 እስከ 255 ባለው ቍጥር ይይዛል። ሁለተኛው ፒደብልዩኤም1_ኢኔብል ይባላል፤ ማራገቢያውን የሚያዘው ማን እንደ ሆነ ይወስናል። ንባቡ እንዳይከብድ አንደኛውን የመጠን ፋይል፣ ሁለተኛውን የሥልጣን ፋይል እንላቸዋለን።

በሥልጣን ፋይሉ ላይ 0 ቢጻፍ ቍጥጥር የለም ማለት ነው፤ ማራገቢያውም በሙሉ ኀይሉ ይዞራል። 1 ቢጻፍ ሰው በመጠን ፋይሉ አማካይነት ያዘዋል። 2 ወይም ከ2 በላይ ቢጻፍ ማራገቢያው ራሱን ችሎ ይሠራል።

አንባቢ እዚህ ላይ ያስተውል። በሥልጣን ፋይሉ ላይ የተጻፈ 0 ለመሣሪያው ከሁሉ የሚሻለው ጥንቃቄ ነው፤ ጩኸት ቢበዛም ሙቀት አይከማችም። በመጠን ፋይሉ ላይ የተጻፈ 0 ግን የኀይሉ ሁሉ ታች ነው፤ አንዳንዱ ማራገቢያ በዚህ ጊዜ ፈጽሞ ይቆማል፣ ሌላው ደግሞ በተሠራበት ዝቅተኛ ፍጥነት መዞሩን ይቀጥላል። ስማቸው የሚለያየው በአንድ ቃል ብቻ የሆነ ሁለት ጎረቤት ፋይሎች፣ አንድ አኃዝ በአንዱ ደኅንነት በሌላው አደጋ ሆነባቸው። መምሪያው ስለ መጠን ፋይሉ የሚለው 255 የመጨረሻው፣ ማለት መቶ በመቶ መሆኑን ነው፤ ስለ 0 ምን እንደሚሆን አንዲት ቃል አይናገርም።

ነገሩን የሚያከብደው ሌላ ዐረፍተ ነገር ነው። መምሪያው፣ ቍጥር ያልሆነ ጽሑፍ በፋይሉ ላይ ቢጻፍ እንደ 0 ይቈጠራል ሲል ያስጠነቅቃል። በጽሑፉ መጨረሻም ምክንያቱን ይሰጣል፤ በየቦታው ትክክለኛነቱን መመርመር በከርነሉ ላይ ብዙ ኮድ ስለሚጨምር ሆን ተብሎ የተተወ ነው ይላል። እንግዲህ ማራገቢያው በርትቶ እንዲዞር የፈለገ ሰው በመጠን ፋይሉ ላይ «ሙሉ» የሚል ቃል ቢጽፍ፣ በመምሪያው ቃል መሠረት የሚያገኘው የፈለገውን ሳይሆን ፍጹም ተቃራኒውን ነው።

ደግነቱ ዛሬ ብዙዎቹ ድራይቨሮች እንዲህ አያደርጉም፤ የኤንሲቲ6775 ድራይቨር ለምሳሌ ቍጥር ያልሆነውን ስሕተት ነው ብሎ ይመልሰዋል። ነገር ግን ይህ መምሪያውን ከነቀፋ አያድነውም። ድራይቨሮቹ ታርመው መምሪያው ሳይታረም ከቀረ፣ አንባቢው የትኛውን ይመን? ማስጠንቀቂያ እውነተኛነቱን ሲያጣ ከዝምታ የከፋ ይሆናል፤ አንዱ ማስጠንቀቂያ ሐሰት ሆኖ የተገኘበት ሰው ቀሪዎቹንም ያቃልላቸዋልና።

ከወሰን ስለሚያልፍ ቍጥርም እንዲሁ ነው። መምሪያው እንደ ሙቀት ጣራ ባለ፣ በተከታታይ ሊለዋወጥ በሚችል ነገር ላይ ከወሰን ያለፈ ቍጥር ቢጻፍ፣ ድራይቨሩ ቍጥሩን ወደ ወሰኑ መልሶ ይቀበለው ይላል፤ እንደ ሴንሰር ዐይነት ባለ፣ በተለዩ ምርጫዎች ብቻ በሚወሰን ነገር ላይ ግን ስሕተት ይመለስ ይላል። ለድራይቨር ጸሐፊ ይህ በቂ ትእዛዝ ነው። ለባለ ኮምፒዩተሩ ግን አንድ ነገር ተከትሎ ሊነገረው ይገባ ነበር፤ ይኸውም፣ የጻፍኸው ሁሉ እንደ ጻፍኸው አይቀመጥምና ከጻፍህ በኋላ መልሰህ አንብብ የሚል ነው። ይህ ቃል በመምሪያው ውስጥ የለም።

3. «2 እና ከዚያ በላይ»

አጠቃላዩ መምሪያ 2ንና ከ2 በላይ ያሉትን ቍጥሮች ሁሉ በአንድ ስም፣ በራሱ የሚሠራ ብሎ ይጠራቸዋል፤ ዝርዝሩን ከየቺፑ መምሪያ ፈልግ ይላል። እስኪ ወደ ኤንሲቲ6775 መምሪያ እንሂድ። በዚያ 2 ቴርማል ክሩዝ ይባላል፤ ሙቀቱን በተወሰነ ግብ ዙሪያ ለመጠበቅ ይጥራል። 3 ፋን ስፒድ ክሩዝ ነው። 4 ስማርት ፋን 3 ሲሆን የሚገኘው በአንድ የቺፑ ዐይነት ላይ ብቻ ነው። 5 ስማርት ፋን 4 ይባላል፤ የሙቀትና የፍጥነት ነጥቦች ተሰጥተውት በዚያ መስመር ይሄዳል።

ከነዚህ ሁሉ በተለይ 3ኛውን እንመልከት። ይህ አሠራር የሚጠብቀው የማራገቢያውን ፍጥነት ነው፤ ማራገቢያው በደቂቃ ይህን ያህል ይዙር ከተባለ ያንን ለማስጠበቅ ይደክማል። በእርግጥ ሰው በየጊዜው ስለማይነካው በራሱ የሚሠራ ሊባል ይችላል። ነገር ግን ተራው አንባቢ «በራሱ ይሠራል» ሲባል የሚገባው፣ ሙቀቱን እያየ ራሱን ያስተካክላል ማለት ነው። ቃሉ አንድ ሆኖ ትርጉሙ ሁለት ሆነ። መምሪያ ቃልን የሚመርጠው ጸሐፊው በሚያውቀው ትርጉም ሳይሆን አንባቢው በሚረዳው ትርጉም ሊሆን ይገባዋል።

ሌላም ችግር አለ። አንድ ሰው ኮምፒዩተሩን ሲከፍት የሥልጣን ፋይሉ 5 ይዞ አገኘው እንበል፤ ፋብሪካው ለዚያ ሰሌዳ አስቦ ያዘጋጀው አሠራር እርሱ ነው። ሰውየው ለሙከራ 1 ጻፈ፤ ሙከራውን ሲጨርስ፣ አጠቃላዩ መምሪያ 2 በራሱ የሚሠራ ነው ስለሚል፣ ሁሉን ወደ ነበረበት መመለሱ መስሎት 2 ጻፈ። ወደ ነበረበት ግን አልተመለሰም፤ የገባው ወደ ሌላ አሠራር ነው፤ የዚያ አሠራር ግብ ደግሞ በትክክል ተዘጋጅቶ ላይሆን ይችላል። ስሕተት መሆኑን የሚነግረው ምልክትም የለም፤ የጻፈው ቍጥር የተፈቀደ ነውና። ለዚህ መድኀኒቱ አንድ ዐረፍተ ነገር ነበር፤ ከመለወጥህ በፊት የነበረውን ቍጥር አንብበህ መዝግብ የሚል። ይህም በአጠቃላዩ መምሪያ ውስጥ አልተጻፈም።

4. አደራው የማን ነው?

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደርሰናል። በሥልጣን ፋይሉ ላይ 1 መጻፍ ምርጫ ብቻ ሳይሆን ርክክብ ነው። ከዚያች ደቂቃ በፊት ሙቀቱን ይጠብቅ የነበረው ቺፑ ነበር፤ ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ጠባቂው ቍጥሩን የጻፈው ሰው ወይም የጻፈው ፕሮግራም ነው። አደራ ጥብቅ ሰማይ ሩቅ ይባላል፤ አደራ የሚጠብቀው ግን መቀበሉን ያወቀ ሰው ነው።

አጠቃላዩ መምሪያ ስለዚህ ርክክብ ሦስት ነገር ይተዋል። አንደኛ፣ ቅደም ተከተሉን አይናገርም፤ አስቀድሞ 1 የጻፈ ሰው፣ በመጠን ፋይሉ ውስጥ ያለውን ቍጥር ሳያውቅ ማራገቢያውን በዚያ ቍጥር ላይ ሊያስረው ይችላል። ሁለተኛ፣ ትእዛዙ እስከ መቼ እንደሚጸና አይናገርም። በሲስኤፍኤስ የተጻፈ ቍጥር የጻፈው ፕሮግራም ቢሞትም አብሮት አይሞትም፤ ስለዚህ የሚቈጣጠረው ፕሮግራም በድንገት ቢቋረጥ፣ ማራገቢያው በመጨረሻው ቍጥር ላይ እንደ ቆመ ይቀራል፣ ሙቀቱ ግን ይለዋወጣል። ሦስተኛ፣ አደራውን ለመመለስ የተሻለው መንገድ የትኛው እንደ ሆነ አይናገርም።

ይህን መጻፍ የማይቻል ነው የሚል ካለ የቲንክፓዱን መምሪያ ይመልከት። ይህ መምሪያ ማራገቢያን ማዘዝ ለደኅንነት ሲባል ከመጀመሪያው የተዘጋ መሆኑን፣ የፈለገ ሰው ድራይቨሩ ሲጫን በግልጽ ቃል ማስከፈት እንዳለበት ይናገራል። ስለ መጠን ፋይሉም 0 ማለት ማራገቢያው የቆመ፣ 255 ማለት የተለመደው ከፍተኛ ፍጥነት መሆኑን ሁለቱንም ይገልጻል። ማራገቢያውን በደኅና ለማስነሳት የፈለገ በሥልጣን ፋይሉ 2 ይጻፍ፤ ይህ ስሕተት ቢመልስ 1 ይጻፍና በመጠን ፋይሉ ቢያንስ 128 ያድርግ፤ ከሁሉ የሚሻለው ግን 255 ነው ይላል። የመጀመሪያው መንገድ ባይሠራ ሁለተኛውን የሚያሳይ መምሪያ እንዲህ ያለው ነው።

ከዚህም በላይ ዋስ ይሰጣል። ከ1 እስከ 120 ሰከንድ ሊሞላ የሚችል አንድ የጊዜ ጠባቂ አለ፤ አዛዡ ፕሮግራም በተወሰነው ጊዜ ውስጥ አዲስ ትእዛዝ ካላመጣ፣ ጠባቂው ማራገቢያውን በራሱ ያስነሳዋል። 0 ቢጻፍበት ጠባቂው አይሠራም። መምሪያው የጠባቂውንም ወሰን አይሸሽግም፤ አንድ ጊዜ ማራገቢያውን ካስነሳ በኋላ እንደሚቆምና አዲስ ትእዛዝ ሲመጣ እንደገና እንደሚጀምር፣ በሌላ መንገድ የተደረገን ለውጥም ሊከላከል እንደማይችል ይነግረናል።

ለፍርድ እንዲመች የዚህንም ጕድለት እንናገር። የላፕቶፑ ቺፕ የሚያውቀው ከ0 እስከ 7 ያሉ ስምንት ደረጃዎችን ነው፤ ድራይቨሩም ከ0 እስከ 255 ያለውን ቍጥር ለነዚህ ስምንት ያካፍለዋል። መምሪያው ይህን ቢናገርም አከፋፈሉን አያሳይም። በድራይቨሩ ኮድ መሠረት የተጻፈው ቍጥር ለ32 ተካፍሎ ትራፊው ይጣላል። ስለዚህ 100 የጻፈ ሰው 3ኛውን ደረጃ ያገኛል፤ መልሶ ሲያነብ ግን 109 ይመጣለታል። ይህ ግርታ ብቻ ነው። 31 የጻፈ ሰው ግን 0ኛውን ደረጃ ያገኛል፤ ማራገቢያው በቀስታ ይዙር ብሎ አዝዞ አቁሞታል ማለት ነው። ከ31 እስከ 32 ያለችው አንዲት ቍጥር በመዞርና በመቆም መካከል ያለች ወሰን ናትና፣ በመምሪያው ልትጻፍ ይገባት ነበር።

5. ለመምሪያው ሊቀርብ የሚችል መከላከያ

አንዳንዱ፣ አጠቃላዩ መምሪያ የተጻፈው ለድራይቨር ጸሐፊዎች ነው፣ ተራው ሰው በመካከል ያለውን ሊብሴንሰርስ የተባለ የፕሮግራም ቤተ መጻሕፍት ይጠቀም ይል ይሆናል። በእርግጥ መምሪያው ይህን ቤተ መጻሕፍት ዘሎ ፋይሎቹን በቀጥታ መንካት እንደማይመከር ይናገራል። ነገር ግን ሊብሴንሰርስን የሚያወጣው ኤልኤም-ሴንሰርስ ራሱ፣ ማራገቢያ ለማዘዝ የሚሰጠን ፋንኮንትሮል የተባለው ፕሮግራም በሼል ቋንቋ የተጻፈና በነዚሁ ፋይሎች ላይ በቀጥታ የሚጽፍ ነው። ይህ ፕሮግራም ሥራውን ሲያቆም ማራገቢያውን ያለ ጠባቂ ትቶ እንዳይሄድ ይጥራል፤ ይኸውም የርክክብን ነገር ጸሐፊዎቹ ዐውቀውታል ማለት ነው። እነርሱ በልምድ ያወቁት ነገር በመምሪያው ቢጻፍ ኖሮ፣ ሌላው ፕሮግራም ጸሐፊ ሁሉ በየራሱ ጥፋት መማር ባላስፈለገው ነበር።

ሌላው መከላከያ፣ የዛሬ ፕሮሰሰሮች ራሳቸውን ይጠብቃሉ የሚል ነው። እውነት ነው፤ ሲግሉ ፍጥነታቸውን ይቀንሳሉ፣ ከወሰን ቢያልፍም ይጠፋሉ። ነገር ግን በአንድ ሣጥን ውስጥ የሚሞቀው ፕሮሰሰር ብቻ አይደለም፤ ዲስኩም፣ ለፕሮሰሰሩ ኤሌክትሪክ የሚያከፋፍሉት የሰሌዳው ክፍሎችም በዚያው ነፋስ ይበርዳሉ፤ እነዚህ ሁሉ እንደ ፕሮሰሰሩ ራሳቸውን የሚያድኑ አይደሉም። ደግሞም ሥራ በመካከል ሳይቀመጥ ኮምፒዩተሩ መጥፋቱ ራሱ ጕዳት ነው።

ሦስተኛው መከላከያ፣ ቺፖች ብዙ ስለ ሆኑ አጠቃላይ መምሪያ ሁሉን ሊናገር አይችልም የሚለው ነው። እኛም ሁሉን ይናገር አላልንም። ከላይ የጠቀስናቸው የጐደሉ ቃላት ስለ አንድ ቺፕ የሚናገሩ አይደሉም፤ ለሁሉም ቺፖች እኩል የሚሆኑ ናቸው።

በመጨረሻ ስለ ሹመቱ አንድ ነገር እንጨምር። ከርነሉ ለተጠቃሚ የተከፈቱ ፋይሎችን መግለጫ በአራት ክፍል ያስቀምጣል፤ የጸና፣ በሙከራ ላይ ያለ፣ ያረጀና የተወገደ ብሎ። የጸናው ክፍል ቢያንስ ለሁለት ዓመት እንደማይለወጥ ዋስትና ይሰጥበታል። የሃርድዌር መከታተያው ፋይሎች ዝርዝር የሚገኘው በሙከራ ክፍል ነው። ብዙ ፕሮግራም ለረጅም ዘመን የተደገፈበትን ነገር በሙከራ ስም ማቆየት ለአንባቢው ምን ያህል መታመን እንዳለበት ሳይነግሩ መተው ነው።

ማጠቃለያ

ጕድለቱን ነቅሶ መድኀኒቱን መተው ከሒስ ግማሹ ብቻ ስለ ሆነ፣ በአጠቃላዩ መምሪያ ላይ ቢጨመር ይበቃል የምንለውን በአምስት ዐረፍተ ነገር እናቀርባለን።

አንደኛ፤ የሥልጣን ፋይሉን ከመለወጥህ በፊት የነበረውን ቍጥር መዝግብ፤ ስትጨርስ የምትመልሰው ያንኑ ነው።

ሁለተኛ፤ በመጠን ፋይሉ 0 ማራገቢያውን ሊያቆም ይችላል፤ በሥልጣን ፋይሉ 0 ግን በሙሉ ኀይል ያስኬደዋል፤ ሁለቱን አታሳስት።

ሦስተኛ፤ ከጻፍህ በኋላ መልሰህ አንብብ፤ የማራገቢያውንም ዙር ከሚያሳየው ፋይል ላይ እውነቱን አረጋግጥ።

አራተኛ፤ 1 ከጻፍህ ሙቀቱን የምትጠብቀው አንተ ነህ፤ ፕሮግራምህ ቢሞት ትእዛዝህ ይቀራልና አስቀድመህ መውጫውን አዘጋጅ።

አምስተኛ፤ የነበረውን ቍጥር ካላወቅህና ከተጠራጠርህ 0 በሥልጣን ፋይሉ ጻፍ፤ ይህ ባይሠራ 1 ጽፈህ በመጠን ፋይሉ 255 አድርግ።

እነዚህ አምስት ዐረፍተ ነገሮች ከአንድ ገጽ ሲሶ አይሞሉም፤ በከርነሉም ላይ አንድ መስመር ኮድ አይጨምሩም። እንግሊዝኛ ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ቋንቋቸው ለሆነ አንባቢዎች ደግሞ ጥቅማቸው የበለጠ ነው፤ ያልተጻፈውን ከተጻፈው መካከል ገምቶ ማውጣት ከሁሉ ይልቅ የሚያስቸግረው እነርሱን ነውና። የመሣሪያ መምሪያ ጸሐፊ ራሱን ሊጠይቅ የሚገባው ቍጥሩ ምን ማለት እንደ ሆነ ብቻ አይደለም፤ ቍጥሩን የጻፈው ሰው ከዚያ በኋላ የምን ኀላፊ እንደሚሆንም ጭምር ነው።